መጀመሪያ ለእኔ ይንገሩኝ

ባለፈው ሰሞን አንድ የረጅም ርቀት ሯጭ የተጠበቀውን ሳያመጣ ቀረ። በማግስቱ የእህቴ ልጅ ስልኳን አቀበለችኝና «አክስቴ፣ ሰው የሚለውን እዪው» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። ከፎቶው ሥር ስድቡ ተደርድሯል። አንዱ «ጠግቦ ነው» ይላል። ሌላው «የሀገር ማልያ ለብሶ ሽርሽር» ይላል። ሌላው ከሯጩ አልፎ እናቱን ይሳደባል። ለእኔ አዲስ ነገር አልነበረበትም፤ ያንኑ ቃል ለብዙ ዓመታት በጆሮዬ ስሰማ ኖሬያለሁ። ልዩነቱ፣ ያኔ ስድቡ ሯጩ ጋ ከመድረሱ በፊት በእኔ በኩል ያልፍ ነበር። ዛሬ በማንም በኩል አያልፍም። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ለዚህ ነው።

ሥራዬ ስልክ ማንሣት ነበር። ሰው ሲሰማው ቀላል ይመስለዋል፤ እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ስቀጠር ቀላል መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የገባሁት ልደታ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በስልክ ማዞሪያ ክፍል ነው። የቅርብ አለቃዬ ጋሽ ፍሰሐ ዓይነ ስውር ነበሩ። በዚያ ዘመን በየመሥሪያ ቤቱ ስልክ የሚያዞሩት ብዙዎቹ ዓይነ ስውራን ስለነበሩ ማንም አይገርመውም። ጠዋት ሲገቡ ኮታቸውን ይሰቅላሉ፣ እጅጌያቸውን ይጠቀልላሉ፣ ከዚያ በጨርቅና በስፒርት የስልኩን እጀታ ይወለውላሉ። ሲሠሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «በመስኮቱ በኩል ልደታ ሙሉ ይጮኻል፤ እኔ የምፈልገው አንድ ሰው ነው» አሉኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ቁጭ ብዬ እንድሰማቸው በማድረግ ነው። አንድ ቀን ጉዳዩ የዘገየበት ሰው ደወለ። ጩኸቱ እኔ ወንበር ድረስ ይሰማል።

«እናንተ ሌቦች! የሌባ ጥርቅም!»

«ሰምቻለሁ» አሉ ጋሽ ፍሰሐ። «ማን ልበል?»

ሰውየው ስሙን ተናገረ፤ ስሙንም የተናገረው በጩኸት ነው።

«ጥሩ። ለኃላፊው በደንብ እንዳቀርብልዎ እንደ አዲስ ይንገሩኝ።»

ሰውየው እንደገና ጀመረ። በሁለተኛው ላይ ሌባ የሚለው ቃል የለም። ፋይሌ ጠፋ፣ ሦስት ቢሮ አመላለሱኝ፣ ልጆቼ ቤት ውስጥ ይጠብቁኛል ነው ያለው። ጋሽ ፍሰሐ ወደ ኃላፊው አስተላለፉትና ወደ እኔ ዞሩ።

«አስካለ፣ ልብ አልሽ? ሌባ ያለው ለእኔ ነው፤ ፋይሉ ለአለቃ ነው። የመጀመሪያውን አንቺ ውሰጂ፣ ሁለተኛውን አስተላልፊ። አገላብጠሽ እንዳትሠሪው።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሰው መስመር ላይ እንዲጠብቅ ካደረጉ ዝም ብለው አይተዉትም። በየመሐሉ ብቅ ይሉና ዝግ ባለ ድምፅ «አለሁ» ይሉታል። ሌላ ቃል አይጨምሩም። «መስመር ላይ የረሱት ሰው ጉድጓድ ውስጥ የጣሉት ያህል ነው» ይሉ ነበር። እስከ መጨረሻው የሥራ ቀኔ ድረስ «አለሁ» እያልኩ ነው የሠራሁት።

ከዚያ ወደ አንድ ሆቴል ተዛወርኩ። ደመወዙ ይሻል ነበር፣ ሥራው ግን አሰልቺ ነው፤ ሰው የሚደውለው ፎጣ ለመጠየቅ ነው። ሆቴሉ በራሱ የሚያዞር መሣሪያ ሲያስገባ እኛ ተሰናበትን። ጥቂት ጊዜ ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ ሰንጋ ተራ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ስልክ ተቀባይ ይፈልጋል ሲሉኝ ሄድኩ። ፈተናው አንድ የተናደደ ሰው ደውሎ እንዴት እንደማስተናግደው ማየት ነበር። የተናደደው ሰው የጣቢያው ሒሳብ ሹም ነበር፤ ሲያስመስል ሁለተኛውን መናገር አቃተው። ተቀጠርኩ።

የተመደብኩት እሑድ ከሰዓት በሚተላለፈው የስፖርት ፕሮግራም ላይ ነው። አዘጋጁ ዳንኤል ይባላል፤ ያኔ ወጣት ነው፤ ፈጣን አፍና ጥሩ ልብ አለው። ጠረጴዛዬ ከስቱዲዮው ውጭ፣ በመስታወቱ በኩል ፊት ለፊቱ ነው። አንድ አድማጭ ሲደውል መጀመሪያ ከእኔ ጋር ያወራል። እኔ «ለአየር ከመግባትዎ በፊት መጀመሪያ ለእኔ ይንገሩኝ» እለዋለሁ። ሰምቼ ስጨርስ ለዳንኤል በእጄ ምልክት እሰጠዋለሁ። እጄን ከዘረጋሁ ሰላማዊ ሰው ነው። ከጨበጥኩ ተናዷል፣ ግን የሚረባ ነገር አለው። ጣቴን ካወዛወዝኩ አይገባም። መዳፌን ካቆምኩ ገና አልጨረስኩም ማለት ነው።

በኳስ ጊዜ ሥራው ይቀላል። የእኛ ሰው በኳስ ሲሸነፍ ይቀልዳል፤ ተስፋ ከቆረጠ ቆይቷልና። በሩጫ ሲሸነፍ ግን እንደ ተካደ ሰው ነው የሚሆነው። ያን ዕለት ስልኩ ከእጄ አይወርድም። ሁሉም አሠልጣኝ ነው። «ለምን ቀድማ አልወጣችም?» «ለምን ቀድማ ወጣች?» «የቡድን ሥራ የት ሄደ?» ሁለቱን ተቃራኒ ነገር አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሲናገር ሰምቻለሁ።

ከደንበኞቻችን ሁሉ የታወቀው ተስፋዬ ነበር፤ ልደታ ማርያም አጠገብ ጎማ ይጠግናል። አድማጭ ሁሉ ተስፋዬ ጎማ ይለዋል። አንድም እሑድ አይቀርም። የሚደውለው ከሱቁ ስለሆነ ከኋላው የአየር መሙያው ይነፋል።

«እትዬ አስካለ፣ አስገቢኝ፣ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው።»

«መጀመሪያ ለእኔ።»

«ኧረ አንቺ ሴት ንስሐ አባቴ ነሽ እንዴ?»

«አይደለሁም። እሳቸው ይቅር ይሉሃል።»

እየሳቀ ይነግረኛል። አንደበቱ መራራ ነው፣ ግን ሩጫ ያውቃል። ሰው ሬዲዮኑን የሚያስጮኸው እሱ ሲገባ ነበር።

በዚያ ሥራ ላይ ከባድ ሽንፈት የምለው አንድ ነው። አንድ አንጋፋ ሯጭ ባለቤቱን በቀበረ በጥቂት ወራት ውስጥ ተወዳድሮ ወደ ኋላ ቀረ። በዚያ እሑድ አንድ ሰው ደወለ። ድምፁ ለስላሳ፣ አነጋገሩ የተማረ ሰው ነው። ነገሩን ነገረኝ፤ የሥልጠና ጉዳይ ነው። እንደገና አስነገርኩት፤ ያንኑ ደገመልኝ። እጄን ዘረጋሁ። አየር ላይ ሲገባ ሥልጠና የሚባል ነገር አልነበረም። ስለ ሟች የማይባል ነገር ተናገረ። ዳንኤል እስኪቆርጠው ድረስ ሦስት ዐረፍተ ነገር አልፏል። ሯጩ መኪናው ውስጥ እየሰማ ነበር። ጣቢያው ይቅርታ ጠየቀ፤ ሯጩ ግን ከዚያ በኋላ አንድም ጋዜጠኛ አላነጋገረም።

በሳምንቱ ጋሽ ፍሰሐን ቤታቸው ሄጄ አማከርኳቸው። ጡረታ ወጥተዋል። ሰምተውኝ ሲጨርሱ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይለያል?»

«አይለይም። ቃል በቃል አንድ ነው።»

«እንግዲያው ያልነገረሽ ነገር አለ። ሰው የልቡን ሁለት ጊዜ በአንድ ቃል አይናገርም። እንዲያ የሚያደርግ የሸመደደ ነው።»

ከዚያ ወዲህ የምጠብቀው ሁለተኛው መለወጡን ነው። በዚያ ተሳስቼ አላውቅም።

አሁን ወደ አንዲት ሯጭ ልጅ ልምጣ። ዛሬ ትዳርና ልጆች ስላሏት ስሟን አልጽፍም። የልደታ ልጅ ናት፤ ከእናቷ ጋር በኮንዶሚኒየሙ ነበር የምትኖረው። በዚያ ዓመት በአሥር ሺህ ሜትር የሚያሸንፋት የለም ተብሎ ነበር። ቅዳሜ ውድድሩ በውጭ ሀገር ተደረገ። ጥቂት ዙሮች ሲቀሩ ከፊተኞቹ ተለየች፤ ከዚያ ወደ ሜዳው ዳር ወጥታ ቆመች፤ ከዚያ አቋርጣ ወጣች። አልወደቀችም፣ ማንም አልገፋትም። ሰውን ያናደደው ይህ ነው።

እሑድ ፕሮግራሙ ሳይጀመር መስመሮቹ ሁሉ ያበራሉ።

«ለጎዳናው ውድድር እግሯን ቆጥባ ነዋ! ዶላሩ እዚያ ነው!»

«እሺ፣ እንደ አዲስ ይንገሩኝ።»

አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ወድቃ ደሟ ቢፈስ ኖሮ እኔ ራሴ አለቅስላት ነበር። ዘወር ብላ መውጣት ምን የሚሉት ነው?» አሉኝ። እሳቸው በሁለተኛው «ልጄን እንዳየሁ ነው የደነገጥኩት» አሉ፤ አስገባኋቸው።

ከዚያ ተስፋዬ ደወለ። እንደ ወትሮው አልቀለደም።

«እትዬ፣ ሀገር ናት የቆመችው! ይገባሻል? ደግሞ ከዚሁ ከሰፈራችን! ሰው በእኛ ሊሥቅብን ነው። እሷን እናት አልወለደቻትም። ወልዳት ከሆነም ትፈር!»

«ተስፋዬ፣ ይህ ለእኔ ነው። ረጋ በልና ሁለተኛውን አዘጋጅ። መስመር ላይ ቆይ።»

አቆየሁትና ቀጣዩን አነሣሁ።

«ሃሎ፣ ሬዲዮ ጣቢያው ነው?» የሴት ድምፅ ነው። ከኋላዋ የራሳችን ፕሮግራም ይሰማል።

«አዎ። ሬዲዮኑን ይቀንሱልኝ። ማን ልበል?»

ሬዲዮኑ ጠፋ። «የልጅቷ እናት ነኝ» አሉ።

እንዲህ ብለው የሚደውሉ ቀልደኞች አሉ። ቀልደኛ ግን ሳይጠየቅ ያወራል። ሴትዮዋ ዝም አሉ።

«ምን ልታዘዝ?»

«የኢትዮጵያን ሕዝብ ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ልጄ አሳፍራችኋለች። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በደንብ አላሳደግኳትም። ነገ ትመጣለች። ስትመጣ ሰው እንዳይሰድብብኝ በእግዚአብሔር ስም ልለምን ነው።»

ደንቡ ነውና ወረቀት ላይ «እናቷ» ብዬ ጽፌ ወደ መስታወቱ አነሣሁ። ዳንኤል ከወንበሩ ብድግ አለ። በሁለት እጁ «አሁኑኑ!» ይለኛል። መዳፌን አቆምኩ። ጭንቅላቱን ያዘ።

«ያስገባዎታል፤ እሱ ዝግጁ ነው» አልኳቸው። «ግን አንድ ጊዜ እንደ አዲስ ለእኔ ይንገሩኝ።»

«የኢትዮጵያን ሕዝብ...» ብለው ጀመሩ። ቃሉን ተዉትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እህቴ፣ እግሯ አብጦ ነው የሄደችው። ጫማዋን ሳስርላት አይቻለሁ። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች። ይኸው ተናገርኩ።»

«ለእኔ ነው የተናገሩት። ከእኔ አያልፍም።»

አላለፈም። ዛሬ የምጽፈው ልጅቷ ራሷ ሩጫ ካቆመች በኋላ በአደባባይ ስለተናገረችው ነው።

«ዛሬ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወረድኩ» ሲሉ ቀጠሉ። «ባለሱቁን ደህና አደርክ አልኩት። አልመለሰልኝም። ደረጃው ላይ የተቀመጡት ልጆች ሳልፍ ዝም አሉ። እኔ እንኳ ተሸክሜ እኖራለሁ፤ እሷ ነገ በዚያ ደረጃ እንዴት ትወጣለች? ሌላ ቤት የለንም።»

ሁለተኛው ተለወጠ። በመጀመሪያው ሊለምኑ የፈለጉት የኢትዮጵያን ሕዝብ ነው። በሁለተኛው ግን የፈለጉት አንድ ሰፈር ነው። አየር ላይ ባስገባቸው ሀገር ሙሉ እያለቀሱ ይሰማቸዋል፤ ግማሹ ያዝናል፣ ግማሹ «እናቷን ላከች» ይላል። ስለ እግሯም ቃላቸውን አፍርሰው መናገራቸው አይቀርም። የሰፈራቸው ሰው ደግሞ በሌላው መስመር ላይ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው።

«አንድ የሰፈርዎ ሰው አለ» አልኳቸው። «አየር ላይ ሳይሆን ለእሱ ይነግሩታል?»

«ክፉ ሰው ነው?»

«ተናዷል። ክፉ አይደለም።»

«እሺ፣ አገናኚኝ።»

ተስፋዬን አነሣሁት። «ተስፋዬ፣ አንዲት እናት ሊያናግሩህ ይፈልጋሉ። አየር ላይ አይደለህም።»

«የማን እናት?»

«ይነግሩሃል።»

ሁለቱን መስመር ገጠምኩ። ደንቡ ካገናኙ በኋላ መውጣት ነው። እኔ ግን የተስፋዬን አንደበት ስለማውቅ አልወጣሁም፤ እጄ መቁረጫው ላይ ነበር።

«ልጄ፣ የሯጯ እናት ነኝ» አሉት።

አየር መሙያው ጠፋ።

«ልጄ አሳፍራሃለች። የሀገር አደራ ጥላለች። ብትሰድባት እውነትህን ነው። እናት የላትም ብትልም እውነትህን ነው፤ እኔን ስደበኝ...»

«እማማ፣ ተዉ።»

«አይ፣ ስደበኝ። እሷን ግን...»

«ኧረ በማርያም! ይነሡ! ይነሡ እማማ!»

በእኛ ዘንድ ታላቅ ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዶ ሲለምን፣ ተለማኙ ካላነሣው በደሉ ወደ ተለማኙ ይዞራል። ተስፋዬ ሴትዮዋ ሱቁ ደጃፍ ላይ ድንጋይ ተሸክመው የተንበረከኩ ነው የመሰለው።

«ወንበር ላይ ነኝ ልጄ» አሉት።

«ቢሆንም ይነሡ!»

በሥራ ላይ ሥቄ አላውቅም። ያን ጊዜ አፌን በእጄ ያዝኩ።

ከዚያ ተስፋዬ «መቼ ነው የምትገባው?» አለ።

«ነገ ጠዋት።»

«ማን ይቀበላታል?»

«ማንም። እኔ ጉልበቴ እስከ ቦሌ አያደርሰኝም።»

«እኔ እሄዳለሁ። እማማ፣ እርስዎ ምሳ ይሥሩ።»

ሴትዮዋ አመሰገኑኝ፤ አየሩ ይቅርብኝ ብለው ዘጉ። ለዳንኤል የተጨበጠ እጄን አሳየሁትና ተስፋዬን አስገባሁለት።

«ተስፋዬ ጎማ!» አለ ዳንኤል። «ዛሬማ ሳትፈነዳ አትቀርም። በል ተንፍስ!»

«ዳኒ፣ አስተያየት የለኝም።»

«አንተ?»

«እኔ። ነገ ጠዋት ቡድኑ ይገባል። ሱቄን ዘግቼ ቦሌ እሄዳለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ልደታ ማርያም ጋ ይጠብቀኝ። ሊሳደብ የሚመጣ ካለ ግን በእግሩ ይሂድ።»

ዘጋ። ከዚያ በኋላ የደወሉት ሁሉ ለሰለሱ ብዬ አልዋሽም። እስከ መጨረሻው የተሳደቡ ነበሩ፤ ጣቴን ሳወዛውዝ ዋልኩ።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ዳንኤል እየሮጠ መጣ። «እትዬ አስካለ፣ የዓመቱን ትልቅ ስልክ ቀበሩብኝ!»

«ሴትዮዋ የፈለጉትን አግኝተው ነው የዘጉት።»

«የእርስዎ ሥራ አየር ላይ ማስገባት ነው!»

«ሥራዬ የሚፈልጉት ሰው ጋ ማስገባት ነው።»

ለአለቃ ነገረ፤ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። ፋይሌ ውስጥ አለ። ጡረታዬን አልቀነሰብኝም። ዳንኤልም ቆይቶ አዳዲስ ስልክ ተቀባዮች ሲመጡ ወደ እኔ ይልካቸው ጀመር።

ማክሰኞ ተስፋዬ ደወለ። ፕሮግራም የሌለበት ቀን ነው። የሆነውን ሁሉ ነገረኝ።

ልደታ ማርያም ጋ ማንም አልጠበቀውም። የአንድ ደንበኛውን መኪና ለምኖ ብቻውን ሄደ። ሜዳልያ ያገኙት አበባ ይዘው ከካሜራ ጋር ወጡ። ልጅቷ ከሁሉ ኋላ ሻንጣዋን እየገፋች ብቅ አለች። ትንሽ ታነክሳለች። ሊነግራት ያሰበው ብዙ ነገር ነበር፤ አንዱም አልመጣለትም። ሻንጣዋን ተቀበላት። የተላከ ሾፌር መስሏት ሳትጠይቀው ተከተለችው።

መኪናው ሜክሲኮ አደባባይ ደረሰ። ከዚያ «ሬዲዮ ትሰማለህ?» አለችው።

«አልፎ አልፎ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምን አሉኝ?»

«ሰው መቼም ይናገራል።»

«እኛ ሰፈር አንድ ጎማ ጠጋኝ አለ። ድምፁን እንጂ መልኩን አላውቀውም። እናቴ እሱ ሲናገር ማንንም አታስወራም። እሱ ምን አለ?»

ተስፋዬ መሪውን ጨብጦ «አስተያየት የለኝም ነው ያለው» አላት።

«እሱ? ዋሸህ!» አለችና ሣቀች። ከሣቀች በኋላ ነው ያለቀሰችው። ተስፋዬ ወደ ጎን አልዞረም፤ መንገዱን እያየ ዝግ ብሎ ነዳ።

ኮንዶሚኒየሙ ጋ ሲደርሱ ሰው በየበረንዳው ብቅ ብቅ ብሏል። እናቷ ከደረጃው ሥር ቆመዋል። ልጃቸውን ሳሙ፤ ብዙ ነገር አልተናገሩም። ተስፋዬ ሻንጣውን ተሸክሞ በደረጃው ፊት ፊት ወጣ፤ ሁለቱ ተከተሉት። በየፎቁ የቆሙትን እያየ፣ ከዚያ ከሬዲዮ በሚታወቀው ድምፁ «እንዴት ዋላችሁ!» ይላቸዋል። ያን ድምፅ የሰማ ሁሉ ይመልሳል። ለእሱ ከመለሱ ለእናትና ለልጅም መመለስ ግድ ሆነባቸው።

በሩ ላይ ሻንጣውን አስቀምጦ ሊመለስ ሲል እናትየው እጅጌውን ያዙት።

«ወዴት ነው? ምሳ ሥሪ ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

ልጅቷ ግራ ገባት። «እማዬ፣ ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«እንዴት አላውቀውም» አሏት። «የሰፈራችን ሰው ነው።»